በረንዳው ምን ተቀብቶ ይሆን?

አዳማም ይሁን ቢሾፍቱ፣ ወይም ላንጋኖ ዳር፣ የእንጨት ወለል ያለው አሮጌ በረንዳ እጃችሁ ገባ እንበል። ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ተልጧል፤ ማን ምን እንደቀባው የሚያውቅ የለም። ብርጭቆ ወረቀት ልታነሱ ነው አይደል? ቆዩማ! መጀመሪያ እንጨቱን መርምሩት።

ሰው በማያየው ጥግ ላይ ውኃ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ከሰረገ መከላከያው አልቋል፤ ማጠብና ቀለል አድርጎ መፋቅ ይበቃል። ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ግን ላዩ ላይ ገና የሆነ ነገር አለ። ቀጥሎ በጥጥ አልኮል ነክራችሁ እሹት፤ ሟሙቶ ከተጣበቀ ጎማላካ ነው። ከዚያ ቲነር፦ ሳይሟሟ ተሸብሽቦ ካበጠ የዘይት ቀለም ወይም የዘይት ቫርኒሽ ነው። ሁሉም ንክች ካላደረገው ፖሊዩሬቴን ሳይሆን አይቀርም፤ ለሱ ጉልበት አዘጋጁ።

እኛ አገር ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አለ። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ ስንቱ እንጨት ይህን ጠጥቷል! ቲነር የነካው ነጭ ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሽታው ጋራዥ ጋራዥ ይላል። ውስጥ ድረስ ስለገባ ብትፈትጉት ብርጭቆ ወረቀቱ ይደፈናል እንጂ አይለቅም። በሙቅ ውኃና በኦሞ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ ያኔም ቢሆን አዲስ ቫርኒሽ ይይዛል ብዬ ቃል አልገባም።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል። የዘይት ቫርኒሽን የሚያስለቅቀው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ እሱ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነው። የአብጃታ ሐይቅ ውኃ ሶዳ የሞላበት ነው፤ ፀሐይ ሲያተነው ከሚቀረው ጨው ሶዳ አሽ ይሠራል። ሶዳ አሹን ከኖራ ጋር በውኃ ስታዋህዱት ነጭ ዝቃጭ ከሥር ይቀመጥና ውኃው ኮስቲክ ሶዳ ይሆናል። ባቱ፣ ማለትም ዝዋይ፣ ላይ ፋብሪካ የተተከለው ለዚሁ ነበር። ኮስቲክ ሶዳ ዘይት ሲያገኝ ወደ ሳሙና ይቀይረዋል። እና ከበረንዳችሁ እየታጠበ የሚወርደው ያ ቡናማ አረፋ፣ አዎ፣ ትናንት ቫርኒሽ የነበረ ሳሙና ነው!

ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሶዳውን ወደ ውኃው ጨምሩ፤ ውኃውን ወደ ሶዳው ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ይረጫል። አሉሚኒየም ስለሚበላ የፕላስቲክ ባልዲ ተጠቀሙ። እንደ ባሕር ዛፍ ታኒን ያለው እንጨት በሶዳ ይጠቁራል፤ በደንብ አጥባችሁ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ አስነኩት።

መፋቁ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ እሱም እንጨቱ እንደራሰ። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ በደንብ የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ቀለም አቧራው መርዝ ሊሆን ይችላል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ 204 ሜጋ ዋት ተርባይን የተተከለለት ነፋስ ነው፤ አቧራችሁን ጎረቤት ለማድረስ አይቸግረውም። ልጆች ይራቁ።

ንጹሑን እንጨት የተልባ ዘይት ልትቀቡት ካሰባችሁ፣ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩ። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይግላል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይጫርበት ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርጉት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት።