የነጋዴ ሐሳብና የጤናው ሒሳብ

ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ ሸቀጡን ይቈጥራል፤ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳቡንም ያመዛዝናል። ይህን ሁሉ የሚያሠራውን አእምሮውን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ቆሞ ኪራይ ሲቈጠርበት፣ የሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ጊዜ ሊያልፍ ሲል፣ በዱቤ የወሰደ ደንበኛ ቀጠሮውን ሲያፈርስ፣ ሐሳቡ ከሱቁ ጋራ አይዘጋም፤ ተከትሎት ቤቱ ይገባል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ አስመጪው የነገውን ምንዛሪ ማሰብ ተጨምሮበታል።

ሐሳብ ሰውነትን እንዴት እንደሚጐዳ ማወቅ ይጠቅማል። በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ የጕዳቱ ዓይነት ቢለያይም የሰውነት መልስ ተመሳሳይ መሆኑን ገለጠ። አደጋ ሲሰማን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። ይህ ከአውሬ ለማምለጥ የሚረዳ ኃይል ነው፤ አውሬው ሲሄድ ሰውነት ይረጋጋል። ዕዳ ግን ለወራት አብሮ ይከርማልና ሰውነት ዕረፍት ያጣል። እንቅልፍ ይጐድላል፤ ቍጣ ይቀርባል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፍርዱ ይደክማል፤ ውል የሚፈርመውም በዚሁ በደከመ አእምሮ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልማዶች መያዝ ይገባል።

አንደኛ፣ ዐዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ከመኝታ በፊት የነገውን ሥራ በወረቀት መጻፍ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ57 ወጣቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የሚቀጥለውን ሥራ የጻፉት ያለቀውን ከጻፉት ይልቅ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው አንቀላፍተዋል። ወረቀት የያዘውን ነገር አእምሮ ሲጠብቅ አያድርምና።

ሁለተኛ፣ ቡና ክብራችን ቢሆንም ሰዓት አለው። ብዙ ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ቢወሰድ እንኳ ከ1 ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ስኒውን መተው ይሻላል። ሐሳብን ለመርሳት የሚጠጣ መጠጥም ቶሎ ያስተኛል እንጂ በእኩለ ሌሊት ይቀሰቅሳል፤ ጫትም እንቅልፍን ያባርራል።

ሦስተኛ፣ ባንኮኒ ሥር የሚውል ሰው መንቀሳቀስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይኸውም በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጕዞ ለ5 ቀን ማለት ነው። ከሱቅ ወደ ቤት ከሚወስደው መንገድ ከፊሉን በእግር መሄድ ይበቃል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መናገር ነው። ነጋዴ የሚኖረው በታማኝነቱ ነውና፣ ችግሩ ቢሰማ ዱቤ የሚከለከል እየመሰለው ከትዳር ጓደኛው እንኳ ይደብቃል። ለሁሉ ማውራት አያስፈልግም፤ ከዕቁብ ወይም ከዕድር ወዳጆች መካከል ምስጢር ጠባቂ የሆነ አንድ ሰው ይበቃል። ለባለ ገንዘቡም የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ቀርቦ ጊዜ መጠየቅ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከመሸሽ ይልቅ እምነትን ይጠብቃል።

እነዚህ ልማዶች ዕዳ አይከፍሉም፤ ዕዳውን የሚከፍለውን ሰው ግን ያቆያሉ። ከ2 ሳምንት በላይ ኀዘን ቢጸና፣ እንቅልፍና ምግብ ቢጠፋ፣ ሥራ ቢያስጠላ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሞትን መመኘት ከመጣ ግን አንድ ቀንም ማሳደር አይገባም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌላ ስፍራ ያለም በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።