ከቀለታ እስከ ዝዋይ፦ ለትንንሽ ዓሣ ወጥመድ ማባበያ መምረጥ

የወጥመድ ማባበያ የሚመረጠው ሊያዝ የተፈለገው ፍጥረት ምን እንደሚበላና ምግቡን በዓይን ወይስ በሽታ እንደሚያገኝ ታይቶ ነው። በአዋሽ ተፋሰስና በዝዋይ ሐይቅ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። ኢንተሮሚየስ ፓሉዲኖሰስ የተባለው፣ በቀድሞ ስሙ ከባርበስ የሚመደበው ዓሣ፣ የነፍሳት እጭ፣ ጥቃቅን ቀንድ አውጣ፣ አልጌና ብስባሽ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ጋራ የሚባለው ግን ከአፉ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አልጌ እየፋቀ ይኖራል። ለመጀመሪያው ማንኛውም ማባበያ ይበቃል ማለት ይቻላል። ለሁለተኛው ሥጋ ማስቀመጥ ድካም ነው፤ ከማባበያው ይልቅ ወጥመዱን ድንጋያማውና ፈጣኑ የወንዝ ክፍል ላይ ማኖር ይሻላል።

ከአርሲ ተራሮች ወርዶ ወደ አዋሽ በሚገባው ቀለታ አካባቢ፣ በሁሩታና በዙሪያዋ፣ አገሩ የስንዴ አገር ስለሆነ የእህል ማባበያ አይቸግርም። ደረቅ ዳቦ፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካ ሁሉም ያገለግላል። ይሁንና ዳቦ ውኃ እንደነካው ይፈርሳል፤ ሌሊቱን ለሚያድር ወጥመድ አይሆንም። ፉርሽካ ለብቻው ሲሆን ደግሞ ወራጅ ውኃ ወዲያው ጠርጎ ይወስደዋል። ከእህል ወገን የሚመረጠው የኑግ ፋጉሎ ነው። ተወቅጦ ከፉርሽካ ጋር በጥቂት ውኃ ከታሸና ከተድቦለቦለ በቀላሉ አይበተንም፤ በውስጡ የቀረው ዘይትም ሽታውን ቀስ እያለ ይለቃል። ዋጋው ከሥጋ ጋር አይወዳደርም፤ በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሲዘጋም ፋጉሎ አይጠፋም።

የሥጋ ማባበያ ጉልበቱ በፈሳሹ ነው። ከጉበት፣ ከዓሣ ሆድ ዕቃ ወይም ከተቆረጠ የምድር ትል የሚወጡት አሚኖ አሲዶች ውኃ ውስጥ ሟሙተው ይጓዛሉ፤ ዓሣም በማሽተቻው ይለያቸዋል። አምባዛ በዚህ ሁሉን ይበልጣል፤ የጣዕም ሕዋሳቱ በጢሞቹና በቆዳው ላይ ጭምር ተበትነዋል። ስለዚህ ጉበት የተቀመጠበት ወጥመድ ትንንሽ ዓሣ ይያዝበታል ተብሎ ተጥሎ የአምባዛ ጫጩት፣ ሸርጣንና አልቅት ይዞ ቢወጣ የሚገርም አይደለም። የሸተተ ሥጋ ለሸርጣን ይሆን እንደሆነ እንጂ ለትንንሽ ዓሣ አይመከርም፤ በተለይ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ውኃውን ያበላሻል።

ውኃው ራሱ ምርጫውን ይለውጣል። ክረምት ላይ ወንዙ ሲደፈርስ፣ እንዲሁም አዋሽ ደለሉን በሚያራግፍበት ቆቃ፣ ነጭ ዳቦ በዓይን የሚስብበት ዕድል ትንሽ ነው፤ ሽታ ያለው ይቅደም። በወራጅ ውኃ ላይ ሽታው የሚሄደው ወደ ታች ስለሆነ ዓሣውም ተከትሎ የሚመጣው ከታች ነው፤ የወጥመዱ አፍ ወደ ወንዙ መውረጃ መዞር ይኖርበታል። ይህ ከተሳሳተ የማባበያው ጥራት ዋጋ የለውም። ማባበያውን በስስ ጨርቅ ወይም በወንፊት ቁራጭ ቋጥሮ መሐል ላይ ማንጠልጠልም ይጠቅማል፤ ቀድመው የገቡት ጨርሰው ኋለኞቹን እንዳያሳጡ ይከላከላል። አንገቱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ በተገለበጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ወጥመድ የሚሠራ ሰው ጎኑን በብዛት መብሳት አለበት። ያለዚያ የሚበሰብሰው ማባበያና የተጨናነቀው ዓሣ ኦክስጅኑን ይጨርሱና የተያዘው ሞቶ ይገኛል።

ዓላማው ጥናት ከሆነ ዋናው ቁም ነገር ብዙ መያዝ አይደለም። ማባበያ የሚጠራው የሚወደውን ብቻ ስለሆነ በወጥመድ የተገኘው ዓሣ ውኃው ውስጥ ያለውን ሁሉ አይወክልም። ዛሬ በፋጉሎ፣ ነገ በጉበት የተያዘን ቁጥር ማነጻጸር አይቻልም፤ ዓይነቱም መጠኑም የማደሪያ ሰዓቱም አንድ መሆን አለበት። የዓሣው ሆድ ዕቃ ሊመረመር ከሆነ ደግሞ ማባበያው ጨርሶ የማይበላ ሆኖ ይቋጠራል፣ ወይም ይቀራል። ወጥመድ የማይደርስባቸው ዓሦችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለሳይንስ የተገለጸው የጣናው ባርበስ ታናፔላጂየስ በክፍት ውኃ ላይ ዙፕላንክተን እየበላ የሚኖር ነው፤ ዳር ላይ የተቀመጠ የሊጥ ሽታ ተከትሎ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። እንዲህ ላለው መረብ ያስፈልጋል።

ለቀንድ አውጣ የሰላጣ ቅጠል በድንጋይ ተጭኖ ዳር ላይ ቢቀመጥ ይሰበሰቡበታል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይቀድማል፤ በወንጂ የመስኖ ቦዮች እንደታወቀው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በአካባቢው ስላሉ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም። ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት የሥራው አካል ነው።

የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ላይ መበተን ከማባበያ አይቆጠርም። ዓሣውን የሚያደነዝዝ መርዝ ነው፤ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ቀንድ አውጣ ገዳይነቱን ያስተዋሉለት እንዶድም ለዓሣ መርዝ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማስገርን ይከለክላል።

ሥራው ሲያበቃ የተረፈው የእህል ማባበያ ለዶሮ ይሰጣል፤ ጉበትና የዓሣ ሆድ ዕቃ ይቀበራል። ከአንድ ውኃ የተያዘ ሕያው ዓሣ ለአምባዛ መንጠቆ ተብሎ ወደ ሌላ ውኃ አይወሰድም። አምባዛ ራሱ በዝዋይ ከውጭ የገባ ዓሣ ነው። ወጥመዱም ወደ ሌላ ወንዝ ከመዛወሩ በፊት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፤ በቀዳዳዎቹ የተለጠፈ የቀንድ አውጣ እንቁላል ካለ በእርጥበት ሊጓዝ ይችላል።