ለአንድ ጎተራ ስንት ድመት?

ባለፈው ሳምንት ከፊደል «ደ» ላይ ደርሰን «ድመት» የሚለውን ቃል ስናነብ ክርክር ተነሣ። አንድ አባት «ለጎተራዬ ሦስት ድመት እፈልጋለሁ» አሉ። አንዲት እናት «አንዷንስ ማን ያበላታል?» ሲሉ መለሱ። የዕለቱ ንባብ እዚያው ቆመ።

አንባቢ ሆይ! አይጥ ሳትሠራ የምትበላ በዝባዥ ናት። የበላችው ሳያንስ የተረፈውን በሽንቷ ታበላሻለች። አርግዛ ለመውለድ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ይበቃታል። ስለዚህ ድመት ይያዙ። ግን በስንት ወሯ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓይኗን ስለ ገለጠች ብቻ ከእናቷ ጉያ አይውሰዷት። እናቲቱ ግልገሎቿ አንድ ወር ሲያልፋቸው መጀመሪያ የሞተ፣ ኋላም ነፍስ ያለው አይጥ አምጥታ ፊታቸው ትጥላለች። እነሱ ያባርራሉ፤ ያመልጣቸዋል፤ እናት መልሳ ትይዘዋለች። ይኸ እኮ የነሱ መሠረተ ትምህርት ነው! እንግዲህ ቢያንስ 2 ወር፣ ቢቻል 3 ወር ይሙላት። ቀድማ ከመጣች የላም ወተት ሆዷን ሊያስቀምጣት፣ ሊገድላትም ይችላል። ሲመርጡም እናቷ ጎበዝ አዳኝ ከሆነችበት ቤት ይሁን።

ትልቅ ድመት ወዲያው ታድናለች። ነገር ግን ከለቀቋት ወደ ቀድሞ ቤቷ ትመለሳለች። 2 ወይም 3 ሳምንት ቤት ውስጥ ዘግተው እያበሉ ያላምዷት።

ቁጥሩን በተመለከተ እኔ ሁለት እላለሁ። አንዷ ብትሞት ወይም ብትጠፋ ጎተራው ባዶውን አይቀርም። ሦስተኛዋ ግን ትርፍ ናት። ሴት ድመት ስድስት ወር ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ በሁለት ወር ገደማ አራት አምስት ትወልዳለች። ወንድምና እህት ቢሆኑም እርስ በርስ ይዋለዳሉ። ስለዚህ ግልገል የሚወስዱ ጎረቤቶችን ከወዲሁ ያነጋግሩ።

«ድመት ከጠገበች አታድንም» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ ጠግባም ታድናለች። የተራበችው ግን ቤት ትለቃለች፤ የጎረቤት ጫጩትም ትለቅማለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጎረቤትዎ የአይጥ መርዝ ካስቀመጠ፣ መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ድመቷን ከማምጣትዎ በፊት በዚህ ይስማሙ። የእንስሳት ሐኪም ካገኙም ከ3 ወሯ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቧት። ድመት ከነከሰችዎ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠቡና ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

እኚያ አባት በሁለት ተስማምተዋል። ማን እንደሚያበላቸው ግን ገና አልተወሰነም።