ዞሮ የመጣ ድል

ዓድዋ ሲነሳ በአብዛኛው የሚተረከው የአንድ ቀን ውሎ ነው፤ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያ። የአርበኞቹ ጀግንነት፣ የተማረከው መድፍ፣ የወደቁት የጣሊያን ጄኔራሎች በየዓመቱ ይወሳሉ። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ከ17 ሺህ የሚበልጥ ሠራዊቱን በአራት ብርጌድ ከፋፍሎ፣ በሌሊት፣ በቅጡ በማያውቀው ተራራማ አገር ያስጓዘው ለምንድን ነው? በያዘው ጠንካራ ቦታ ላይ ሆኖ ቢጠብቅ አጥቂው ባለጋራው በሆነ ነበር። መልሱ የሚገኘው ከውጊያው በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ውስጥ ነው። የምኒልክ ጦር ዓድዋ ላይ የተዋጋው፣ ጠላቱ የመረጠውን ቦታ አስለቅቆ ምርጫውን ካጠበበበት በኋላ ነበር።

እንዲህ ያለውን የመዞር አካሄድ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ በሰፊው ያብራራው እንግሊዛዊው የጦርነት ጸሐፊ ሊድል ሃርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በተዋጋበት የሶም ግንባር፣ የእንግሊዝ ጦር በመጀመሪያው ቀን ብቻ 57 ሺህ ያህል ሰው ሞቶበታል፣ ቆስሎበታል ወይም ጠፍቶበታል። ከዚያ እልቂት የተረፈው ጸሐፊ ከጥንታዊት ግሪክ እስከ 1914 እ.ኤ.አ. የተደረጉ ከ280 በላይ ዘመቻዎችን መርምሮ፣ ፊት ለፊት በመግጠም ወሳኝ ውጤት የተገኘባቸው ስድስት ብቻ ናቸው አለ። ሊድል ሃርት መዞር ሲል የመንገድ መጠምዘዝን ብቻ ማለቱ አይደለም። ጠላት ባልጠበቀው በኩል ስንቁን፣ መመለሻውን ወይም ልቡን መንካት፣ ሚዛኑን ካሳቱ በኋላ መምታት ማለቱ ነው። ሮማውያን የካርታጎውን የጦር መሪ ሃኒባልን ኢጣሊያ ውስጥ ሊያሸንፉት አቅቷቸው ነበር። የሮማው ጄኔራል ስኪፒዮ ወደ አፍሪካ ተሻግሮ ካርታጎን ሲያስፈራራት ግን ከተማዋ ራሷ ሃኒባልን ጠርታ ከኢጣሊያ አስወጣችው። ከዚያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዛማ ላይ ተሸነፈ።

በ1888ቱ ዘመቻ ፊት ለፊት የመግጠምና የመዞር ልዩነት በግልጽ የታየው መቀሌ ላይ ነው። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ ድል ያደረገው ጦር እንዳየሱስ ላይ ከተሠራው የጣሊያን ምሽግ ሲደርስ ደጋግሞ ፊት ለፊት አጠቃ፤ ብዙ ሰው ወድቆበትም ተመለሰ። በማጆር ጋሊያኖ የሚመራው፣ ከሺህ ጥቂት የሚበልጠው ጠባቂ ጦር ያን ሁሉ ሠራዊት ለሳምንታት ገትሮ ያዘ። ምሽጉን የፈታው እቴጌ ጣይቱ ያመጡት ሐሳብ ነበር፤ የሚጠጣበትን ምንጭ መያዝ። ጥም ጠንቶበት ጋሊያኖ በጥር አጋማሽ ምሽጉን ለቀቀ። ዐፄ ምኒልክ ጦሩን ከነመሣሪያው እንዲወጣ መፍቀዳቸው የዋህነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እሱን እያጀቡ ወደ ሰሜን ከተጓዙ በኋላ በሐውዜን በኩል ወደ ምዕራብ ታጥፈው ወደ ዓድዋ አመሩ።

ይህ መታጠፍ የዘመቻው እምብርት ነው። ባራቲዬሪ የተዘጋጀው አዲግራት ላይ ሲሆን የሚጠብቀውም ወደዚያ የሚመጣ ጦር ነበር። ምኒልክ ዓድዋ ሲደርሱ ግን መረብን ተሻግሮ ወደ ኤርትራ የሚገባው መንገድ ከፊታቸው ተከፈተ፤ የአዲግራት ምሽግም ዋጋው ወረደ። ባራቲዬሪ ቦታውን ለቅቆ በእንትጮ አቅጣጫ ተጠጋ። በየካቲት ደግሞ ከጣሊያን ጎን የነበሩት የአጋሜው ራስ ስብሐትና ሐጎስ ተፈሪ ከድተውት ከኋላው የስንቅ መስመሩን መቱ። እንግዲህ የቀሩት መንገዶች ሦስት ነበሩ፤ መራብ፣ ማፈግፈግ ወይም ማጥቃት።

ባራቲዬሪን ወደ ጦርነት የገፋው የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የየካቲት 18 ቀን ቴሌግራም ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ቴሌግራሙ በእርግጥ የሚያዋርድ ነበር፤ አራቱ ጄኔራሎቹም ማጥቃትን መክረዋል። ሆኖም ስንቁ ሙሉ፣ ጀርባው ሰላም የሆነ አዛዥ ቁጣን ችሎ መጠበቅ ይችላል። ቴሌግራሙ የከበደው መጠበቅ ራሱ ስለከበደ ነው። የምኒልክ ጦር በቁጥር ስለሚበልጥ በማንኛውም መንገድ ያሸንፍ ነበር ለሚሉም የመቀሌ ምሽግ በቂ መልስ ነው። የሰው ብዛት ከግንብ ጀርባ ባለ መድፍ ፊት ምን ያህል እንደሚረዳ እዚያ ታይቷል።

ሊድል ሃርት ላይ የሚሰነዘረው ትችት የበለጠ ይከብዳል። ያሸነፈውን ሁሉ “ዞሮ ነው ያሸነፈው” ካልን ንድፈ ሐሳቡ ምንም አያስረዳም፤ የስድስቱ ዘመቻዎች ቁጥርም የቆጣሪውን ፍርድ ያሳያል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ትችቱ ትክክል ነው። ስለዚህ መለኪያው ከድሉ በፊት የነበረው ሁኔታ መሆን አለበት፤ ጠላት ጥይት ሳይተኮስበት የማይፈልገውን ለማድረግ ተገድዷል ወይ? ባራቲዬሪ ከየካቲት 23 በፊት ከአዲግራት ወጥቷል፣ ስንቁም ሳስቶበታል። ይህ ውጤቱን ሳናይ ልንፈርደው የምንችለው ነገር ነው።

ስልቱ ግን ዋስትና አልነበረውም። የምኒልክም ጦር ስንቅ እያለቀበት ነበር፤ ባራቲዬሪ ጥቂት ቀናት ቢታገሥ ሠራዊቱ ሊበተን ይችል ነበር። በመጨረሻም ጠመንጃና ጎራዴ ይዞ ተራራ የወጣው ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ጉዞ ከንቱ በሆነ ነበር። መዞር የሰውን መሥዋዕትነት አይተካም፤ መሥዋዕትነቱ የት እንደሚከፈል ይመርጣል። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር የተዘጋጀ የጣሊያን ምሽግን ፊት ለፊት አጠቃ። ጀግንነቱ ከዓድዋ አያንስም ነበር። የአውሮፕላኑና የመርዝ ጋዙ የበላይነት ሌላ ስልትንም ሊያከሽፍ ይችል እንደነበር አይካድም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ቦታውን የመረጠው ጠላት ነበር።

ስለዚህ የዓድዋን ድል ለጀግንነት ብቻ መስጠት ጀግኖቹን ማክበር አይደለም። ምንጩን የያዙት፣ በሐውዜን በኩል የታጠፉትና የስንቅ መስመሩን የመቱት ከድሉ ድርሻ አላቸው። ይህን አብሮ የማያስተምር የዓድዋ ታሪክ፣ ድፍረት ብቻውን ምሽግ ይሰብራል የሚል የተሳሳተ ትምህርት ለትውልድ ያወርሳል። የዚያን ስህተት ዋጋ ደግሞ የሚከፍለው ታሪክ ጸሐፊው ሳይሆን ዘማቹ ነው።