ሴራሚኩ ለምን ይነሣል? ከወለል ሥር ያለው ሳይንስ

ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በሃዋሊ ግዛት ውስጥ የምትገኘው ሚሽሪፍ የቪላ ሰፈር ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዓለም አቀፍ የኤግዚቢሽን ማዕከሏ ነው፤ በኮቪድ ዘመን አዳራሾቹ የክትባት ማዕከል ሆነው ነበር። በየቪላው ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ግን ሰፈሩን የሚያውቁት ከወለሉ ነው። ዲዋኒያ ከሚባለው የእንግዳ መቀበያ እስከ ማድ ቤቱ፣ ከመኝታ ክፍሉ እስከ ሆሹ፣ ማለትም እስከ ግቢው ድረስ የሚጠረገውና የሚታጠበው በኩዌቶች አነጋገር ካሺ የሚባለው የወለል ንጣፍ ነው። የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ሴራሚክ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ጠርዝ ጣት እንደሚመታ ከባለቤቱ ቀድማ የምታውቀው ወለሉን በየቀኑ የምትወለውለው ናት።

እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ከሴራሚኩ በታች የተደበቀውን ሥራ ያጋልጣሉ።

አንድ ወለል በሁለት ነገር ይመዘናል። የመጀመሪያው ውሃ ልኩ ነው፤ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ከፍታው እኩል መሆኑ። ሁለተኛው ለጥ ማለቱ ነው፤ ጉብታና ጎድጓዳ የሌለው መሆኑ። ሁለቱ አብረው ላይገኙ ይችላሉ። የመታጠቢያ ቤት ወለል ሆን ተብሎ ወደ ማፍሰሻው ያዘነብላል፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃ ልክ ባይሆንም ለጥ ያለ ከሆነ ሴራሚኩ ያለችግር ይቀመጣል። ሴራሚክ የማይችለው ጉብታውንና ጎድጓዳውን ነው።

ምክንያቱ በቁሱ ጠባይ ውስጥ አለ። በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሰ ሸክላ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲያጎብጡት ግን ደካማ ነው። ከሥሩ ክፍተት ባለበት ቦታ የቁም ሳጥን እግር ወይም የሴት ጫማ ተረከዝ ሲያርፍበት፣ የሴራሚኩ የታችኛው ገጽ ይለጠጣል፤ መለጠጥን ስለማይችልም ይሰነጠቃል። መጠኑ ባደገ ቁጥር ችግሩ ይብሳል። ድሮ የተለመደው ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ የወለሉን እጥፋት እየተከተለ ይቀመጥ ነበር። የዛሬው 60 በ120 ግን ጎድጓዳውን እንደ ድልድይ ተሻግሮ ይተኛል፤ ከጎኑ ካለው ጋር ሲገናኝም አንዱ ጠርዝ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። የአሜሪካ የሴራሚክ ሥራ ደረጃ አንድ ጎኑ 38 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሴራሚክ የሚፈቅደው የወለል ልዩነት በ3 ሜትር ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለትንንሾቹ እጥፉን፣ 6 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል።

ጥንት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በሌላ መንገድ ይፈታ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የጻፈው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ፣ ወለል ሲሠራ ከታች ከጭብጥ የማያንስ ድንጋይ እንዲደረደር፣ በላዩ ጠጠርና ኖራ እንዲደለደል፣ ከዚያ የተፈጨ ሸክላ ከኖራ ጋር ተለውሶ እንዲነጠፍ ያዛል። የኢትዮጵያ ግንበኛ ዛሬም ከምድር ቤት ወለል ሥር ድንጋይ ሲደረድር ከዚህ አሠራር ብዙም አይርቅም። በዚያ ወፍራም ሥራ ላይ ንጣፉ የሚቀመጠው በብዙ ሴንቲ ሜትር ሊጥ ላይ ስለነበር፣ ባለሙያው እያንዳንዱን ንጣፍ እየመታ ያስተካክል ነበር። ጉድለቱን ሊጡ ይውጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ኬሚካል መሐንዲስ ሄንሪ ሮትበርግ ስሚንቶን ከላቴክስ ጋር አዋሕዶ በስሱ የሚቀባ ማጣበቂያ ሠራ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻውን ሴራሚክን አጥብቆ የሚይዝ ሆነ። ሥራው ፈጠነ፣ ክብደቱም ቀነሰ። በዚያው ልክ ግን ወለልን የማስተካከሉ ሥራ ከንጣፉ ሰዓት ወደ ንጣፉ ዋዜማ ተዛወረ። ዛሬ በሚሽሪፍም ሆነ በአዲስ አበባ የሚታየው ብዙ ጥፋት የሚመጣው ማጣበቂያውን እንደ ድሮው ወፍራም ሊጥ ከመጠቀም ነው።

የተነሣ ሴራሚክ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ብዙ ጊዜ በአራቱ ማዕዘንና በመሐሉ አምስት የማጣበቂያ ጉብታዎች ብቻ ይታያሉ፤ የቀረው ባዶ ነው። ሠራተኛው ጎድጓዳውን ለመሙላት ጉብታውን ወፍራም አድርጎ ሴራሚኩን እስኪስተካከል ተጭኖታል። በዕለቱ ወለሉ ያማረ ይመስላል። ማጣበቂያው ግን ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል፤ ወፍራሙ ከስሱ ይበልጥ ስለሚኮማተር ሴራሚኩን ወደ ታች ይስበዋል፣ ጠርዙ ይዛባል። ባዶው ቦታ ደግሞ ሲንኳኳ የጣሳ ድምፅ ይሰጣል። የአሜሪካው ደረጃ የሚጠይቀው በደረቅ ክፍል ቢያንስ 80፣ ውሃ በሚነካው ቦታ 95 በመቶ የሚሆነው የሴራሚክ ጀርባ በማጣበቂያ እንዲያዝ ነው። ለዚህም ማጣበቂያው በባለ ጥርስ ማንጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሰመራል፤ ሴራሚኩ ሲጫን በመስመሮቹ መካከል ያለው አየር መውጫ ያገኛል።

ወለል የሚዛባበት ምክንያት እንደየአገሩ ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዙ ቤቶች ከኮንክሪቱ በላይ አሸዋ ተሞልቶ ቧንቧዎች ይቀበሩበታል፤ ከዚያ የስሚንቶ ልስንና ካሺው ይከተላሉ። አሸዋው በደንብ ካልተደለደለ፣ ወይም የቧንቧ ፍሳሽ ካጠበው፣ ላዩ ይሰምጣል። አልፎ አልፎም መሬቱ ራሱ ይከዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ ባለው የዳሃር ሰፈር መሬት ተደርምሶ ጉድጓዶች ተከፍተው ነበር፤ መነሻውም ከሥር ያለው የኖራ ድንጋይ መቦርቦር ነው። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌ አካባቢ፣ ጠላቱ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ተቆርጦ ካልወጣ ወለሉን ከነሴራሚኩ ያነሣዋል። እንዲህ የሚንቀሳቀስ ወለል መጀመሪያ ከሥሩ መታከም አለበት፤ ላዩን ማስተካከል ለጊዜው ብቻ ነው።

የማይንቀሳቀስ፣ ነገር ግን የተዛባ ወለል መፍትሔው ቀላል ነው። 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በወለሉ ላይ በሁሉም አቅጣጫ ይጎተታል፤ ዘንጉ የሚወዛወዝበት ጉብታ፣ ብርሃን በሥሩ የሚያልፍበት ጎድጓዳ ነው። ሁለቱም በጠመኔ ይከበባሉ። ጉብታው በመፍጫ ማሽን ይላጋል፣ ጎድጓዳው ይሞላል። ከመላግ የሚወጣው አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ስላለበት፣ በውሃ እያራሱ ወይም ጭምብል አድርጎ መሥራት የግድ ነው።

የጎድጓዳው ስፋት ሲበዛ ራሱን የሚያስተካክል ፈሳሽ ልስን ይመጣል። ይህ ስሚንቶ ትንሽ ውሃ ይዞ እንደ ወተት የሚፈስሰው፣ በውስጡ ያሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች የስሚንቶውን ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ስለሚያራርቋቸው ነው። ውሃ መጨመር ይበልጥ የሚያፈስሰው ይመስላል፤ ውጤቱ ግን አሸዋው ከታች ዘቅጦ ላዩ ዱቄት የሚሆን ደካማ ሽፋን ነው። ከመፍሰሱ በፊት ወለሉ ተጠርጎ ማያያዣ ቅብ ይቀባል፤ አለዚያ ደረቁ ኮንክሪት ውሃውን ይመጠዋል። ሒሳቡም አስቀድሞ ይታወቃል፤ 20 ካሬ ሜትር ሳሎን በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ቢሞላ 100 ሊትር ይፈልጋል፤ ይህም ባለ 25 ኪሎው ከረጢት ሰባት ያህል ነው። ያንኑ ሳሎን በ5 ሴንቲ ሜትር የአሸዋና ስሚንቶ ልስን ማንሣት ግን ከ2 ቶን በላይ ክብደት መጨመር ስለሆነ፣ ፎቅ ላይ ከሆነ ያለ መሐንዲስ ምክር አይሞከርም።

ኩዌት ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 በሰሜን ምዕራብ ኩዌት፣ በሚትሪባ፣ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። የአገሩ ሕግ ከጁን እስከ ኦገስት ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን የሚከለክለው ለሠራተኛው ሕይወት ሲባል ነው፤ ማጣበቂያውም በዚያ ሰዓት አይሆንለትም። በ23 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ መያዝ የሚችለው ማጣበቂያ፣ በሙቅና ደረቅ አየር ቶሎ ቆዳ ያወጣል። ሴራሚኩ በዚያ ቆዳ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይጣበቅም።

ከተነጠፈ በኋላም እንቅስቃሴው አያቆምም። 10 ሜትር ርዝመት ያለው የሆሽ ወለል በቀዝቃዛው ወቅት ሌሊትና በሞቃቱ ወቅት ቀትር መካከል የ60 ዲግሪ ልዩነት ቢገጥመው፣ ኮንክሪቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ የፖርስሊን ሴራሚኩ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሲበርድም በዚያው ልክ ያጥራሉ። ኮንክሪቱ በቅዝቃዜ ከሴራሚኩ ይበልጥ ሲያጥር ሴራሚኮቹ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። አዲስ ኮንክሪት እየደረቀ ሲሄድም እንዲሁ ያጥራል። መውጫ ሲያጡ እንደ ድንኳን ወደ ላይ ይነሣሉ፤ አንዳንዴም ቤተሰቡን ከእንቅልፍ በሚያባንን ፍንዳታ። መከላከያው በግድግዳው ዙሪያ ክፍተት መተው፣ በቤት ውስጥ በየ6 ወይም 7 ሜትሩ፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ በየ3 ሜትሩ ገደማ በሲሊኮን የሚሞላ መላወሻ መስመር ማበጀት ነው።

ኩዌት ሠርተው አገር ቤት የሚያስገነቡ ብዙዎች የቤታቸውን ወለል የሚያዩት በስልክ በሚላክላቸው ቪዲዮ ነው፤ የሚላከውም አብዛኛውን ጊዜ ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ ተወልውሎ ሲያበራ ነው። በዚያ ሰዓት ከሥሩ ያለው አይታይም። ቪዲዮው መጠየቅ ያለበት አንድም ሴራሚክ ሳይነካ፣ ባዶው ልስን ላይ ዘንጉ በርዝመትና በአግድም ተይዞ ሲታይ ነው። በዘንጉ ሥር ብርሃን ካለፈ ሥራው ይቁም፣ ወለሉ ይስተካከል፤ ለሴራሚኩ የሚከፈለው ገንዘብ ከዚያ በኋላ ይላክ።