የውኃ ወፎች ጨዋታና የተመልካቹ ትዕግሥት

ወፍ ይጫወታልን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከእኛ መካከል ፈገግ የሚል አይጠፋም። ወፍ በማለዳ ተነሥቶ ምግቡን ይፈልጋል፤ ጎጆውን ይሠራል፤ ጫጩቶቹን ያሳድጋል፤ ከሚያድነውም ይሸሻል። ከዚህ ሁሉ ድካም ተርፎ ለጨዋታ የሚውል ጊዜ ከወዴት ያገኛል? ይሁን እንጂ፥ በውኃ ዳር ጸጥ ብሎ ለሚመለከት ሰው መልሱ «አዎን፥ ይጫወታል» የሚል ነው። እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ከውኃ ያስገኛቸው እነዚህ በደመ ነፍስ ሕያዋን የሆኑ ፍጥረታት፥ ለሆዳቸው ብቻ ሲሮጡ የሚኖሩ አይደሉም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እንግሊዞች «ገል» የሚሉት በባሕር ዳር የሚኖር ነጭ ወፍ አለ፤ ከወገኖቹም አንዱ፥ ራሰ ግራጫው፥ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይገኛል። በአሜሪካ ጠረፍ የሚኖረው ትልቁ ገል ዛጎል ለበስ ፍጥረት ሲያገኝ፥ ይዞት ወደ ላይ ይበርና በጠንካራ መሬት ላይ ጥሎ ይሰብረዋል፤ ሥጋውንም ይበላል። ይህ ሥራ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የጣለውን ተከትሎ ቁልቁል ይወረወርና መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ይቀልበዋል፤ ደግሞ ይጥለዋል፥ ደግሞም ይቀልበዋል። ጋምብልና ክሪስቶል የተባሉ ተመራማሪዎች በቨርጂንያ ግዛት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳተሙት፥ ይህን አብዝተው የሚያደርጉት ወጣቶቹ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚቀልቡት የማይበላ ነገር ነው፤ ከበታቻቸው ያለው መሬት ጠንካራ ይሁን ለስላሳ ግድ አይላቸውም፤ ነፋስ ሲበረታም ጨዋታው ይበዛል። ሆድ የማይሞላውን ይህን ድካም ከጨዋታ በቀር ምን ልንለው እንችላለን?

ነገር ግን ያማረ እንቅስቃሴ ሁሉ ጨዋታ አይደለም። ጁልያን ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1914 ስለ አንድ ባለ ጉትያ ጠላቂ ወፍ ባሳተመው ጽሑፍ፥ ተባዕቱና እንስቲቱ የውኃ ሣር በምንቃራቸው ይዘው፥ ደረት ለደረት ተገናኝተው በውኃው ላይ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ ገልጿል። ይህ ለዓይን ጨዋታ ቢመስልም የጋብቻ ሥርዓታቸው ነው። ጎርደን ቡርካርት የተባለው ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ የጨዋታን ምልክቶች ዘርዝሯል፤ ይኸውም ወዲያው የሚያስገኘው ጥቅም የሌለ፥ በፈቃድ የሚደረግ፥ ከቁም ነገሩ ሥራ አደራረጉ የተለየ፥ የሚደጋገም፥ በመጨረሻም እንስሳው ጠግቦና ያለ ፍርሃት ሆኖ የሚያደርገው መሆን አለበት። ይህን የመጨረሻውን ምልክት አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፥ አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ፥ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን ትርፍ ለመልቀም አባ ኮዳና ፔሊካን ይሰበሰባሉ። ፔሊካን ከምንቃሩ በታች ከረጢት ያለው ትልቅ ነጭ ወፍ ነው። ተማሪዎቻችንን ይዘን በዚያ በተቀመጥን ጊዜ፥ ላባው ገና ቡናማ የሆነ አንድ ወጣት ፔሊካን ተንሳፋፊ የፊላ ቁራጭ አንሥቶ ወደ ላይ ሲወረውርና ሲቀልብ፥ ጓደኛውም ሊነጥቀው ሲከተለው ተመልክተናል። ከአጠገባቸው የዓሣ ራስ ወድቆ ነበር፤ አንዱም አልነካውም። ጠግበዋልና።

እንዲህ ያለውን ነገር በፎቶግራፍ ማስቀረት የሚወድ ሰው፥ ከመሣሪያው ይልቅ ትዕግሥቱን ያዘጋጅ። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች፥ ወፎችን ላለማስደንገጥ ውስጡ ባዶ በሆነ የበሬ ቆዳ ውስጥ ተሸሽገው ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ዛሬ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ ስላለ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ደርሶ፥ ፀሐይን ከበስተኋላ አድርጎ፥ ዝቅ ብሎ መቀመጥና አለመንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ለሚወረወር ወፍ የመሣሪያው ዓይን ከሰከንድ 1/1000ኛ ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ይከፈት። አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ያታልላልና በተከታታይ ማንሣት፥ ወፉ ከዚያ በፊትና በኋላ ያደረገውንም በደብተር መጻፍ ይገባል። ወፉ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እኛ ከተመለከተ ጨዋታው አብቅቷል፤ ቀርበናል ማለት ነውና ወደ ኋላ እንመለስ። ወደ ጎጆም ፈጽሞ አንቅረብ፤ እናት ከተነሣች ዕንቁላሉና ጫጩቱ ለፀሐይና ለአሞራ ይጋለጣሉ።

እንግዲህ የሚጫወት ወፍ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሐይቁ ምግብ እንዳለው፥ ዳርቻውም ሰላም እንደሆነ ይመሰክራልና። ምስክሩ ሲጠፋም አይተናል። በሻላ ሐይቅ ደሴት ጎጆ የሚሠሩ ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት በጎረቤቱ በአቢጃታ ነበር። ነገር ግን ውኃው ለመስኖና ለሶዳ ማውጫ እየተቀዳ ሲጎድልና ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ወፎቹም ምግባቸውን ርቀው ለመፈለግ ተገደዱ። የተራበ ወፍ ፊላ አይወረውርም። በወንጭፍ የሚመታ፥ ጀልባ የሚያሳድደው፥ የተጣለ መረብ እግሩን የሚይዘው ወፍም እንዲሁ ነው።

ይህ ነገር ከሐይቁ ዳር አልፎ ወደ ቤታችንም ይደርሳል። በትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት ሳይጫወት ጥግ ይዞ የሚቆም ልጅ ስናይ፥ አስቀድመን የምንጠይቀው ቁርስ በልቶ መምጣቱንና የሚያስፈራው ነገር መኖሩን ነው። ጨዋታ የጥጋብና የሰላም ፍሬ ነውና፥ ወላጆች «ሥራ ፈት» ብለው ከመቈጣት በፊት ይህን ያስቡ። በዕረፍት ቀንም ልጆቻቸውን ወደ ውኃ ዳር ይውሰዱ፤ ድንጋይ ከእጃቸው አስጥለው ከአጠገባቸው ያስቀምጡ፤ ጸጥ ብሎ መመልከትንም ያስተምሩ። ሳይዘሩና ሳያጭዱ የሚመግባቸው አምላክ የሰጣቸውን ደስታ እኛ አንንጠቃቸው።