ኮራል ለቤት አኳሪየም፦ ቁራጩ ወይስ ያደገው?

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። አንድ የኮራል ጉብታ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት በመቶና በሺህ ሆነው፣ ሥጋቸው ተያይዞ የሚኖሩበት መንደር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ ከረጢት የመሰለ ለስላሳ ሰውነት፣ አንድ አፍ፣ በአፉም ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ተናዳፊ እጆች አሉት። ጠንካራ የሚባሉት ዝርያዎች ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይገነባሉ፤ ለስላሳዎቹ እንዲህ ያለ አጽም የላቸውም። በአብዛኞቹ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው በብርሃን ከሚያዘጋጀው ምግብ ለኮራሉ ያካፍላል፤ ኮራሉ ከሚጠቀምበት ምግብ እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ሊገኝ ይችላል። ኮራል በቤት ውስጥ ሲያዝ የመብራቱ ጉዳይ ከምግቡ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮራል ሲሰበር አይሞትም። ማዕበል የሰበረው ቅርንጫፍ ምቹ ቦታ ላይ ካረፈ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ እንደገና ያድጋል። የእንሰት አሚቾ ተከፍሎ ሲቀበር ከአንዱ ብዙ ችግኝ እንደሚበቅል፣ ከአንድ ኮራል የተነሡ ቁራጮችም ሁሉ በዘር አንድ ናቸው። አርቢዎች ይህን ጠባይ ተጠቅመው ለስላሳውን በምላጭ፣ ጠንካራውን በመቁረጫ ጉጠት ወይም የአልማዝ ስለት ባለው መጋዝ ይቆርጣሉ፤ ቁራጩንም በሱፐር ግሉ በትንሽ የሸክላ ወይም የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ያጣብቁታል። በገበያው ስሙ ፍራግ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የጡጫን ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሆነው፣ የዝርያውን መልክ ይዞ የጨረሰው ደግሞ ኮሎኒ ይባላል። አኳሪየም የሚያቋቁም ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይግዛ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የገንዘብ ጥያቄ ይመስላል። ሲመረመር ግን የገንዳው ዕድሜ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ከየት ይመጣሉ?

ያደገ ኮራል በሁለት መንገድ ለገበያ ይቀርባል፤ አንድም ከባሕር ተነቅሎ፣ አንድም ከቁራጭ ተነሥቶ በእርባታ ለዓመታት አድጎ። ኢንዶኔዥያ ሕያው ኮራል በብዛት ከሚልኩ አገሮች አንዷ ናት። በባሊ ደሴት ዙሪያ አርቢዎች ከእናት ኮራል የተቆረጡ ቅርንጫፎችን በሲሚንቶ መቀመጫ ላይ አስረው፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ በተዘረጋ መደርደሪያ ላይ ያሳድጋሉ። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 የኮራል ንግዱን አግዶ፣ በ2020 በእርባታ የተገኘው እንዲላክ እንደገና ፈቅዷል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሸጠው ቁራጭ በአብዛኛው እዚያው በአርቢዎች ገንዳ ውስጥ ያደገ ነው።

ሕጉም መታወቅ አለበት። ጠንካራ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ ኮራሉ ቁራጭም ሆነ ያደገ ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ወረቀት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በኤላት ወይም በጅዳ የሚኖርም ሆነ የሚጎበኝ ሰው ከባሕር የለቀመውን ኮራል በሻንጣ ይዞ ለመጓዝ ቢሞክር ሕግ ይተላለፋል።

ያደገ ኮራል የሚጠይቀው

ያደገ ኮራል ገንዳ ውስጥ በገባበት ቀን ውበቱን ያሳያል፤ ማራኪነቱም ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ከባሕር የመጣ ከሆነ ቅርንጫፎቹ የተዘረጉት በነበረበት ጥልቀት ብርሃንና በነበረበት የሞገድ አቅጣጫ ልክ ነው። በገንዳው ውስጥ ብርሃኑ ከአንድ መብራት፣ ሞገዱም ከሁለትና ከሦስት ፓምፕ ይመጣል። በቅርንጫፎቹ መካከል ውሃ በበቂ ካልተመላለሰ ቆሻሻ ይጠራቀምና ሥጋው ከውስጥ መሞት ይጀምራል። ቁራጭ ግን ቅርጹን የሚያወጣው ካረፈበት ገንዳ ብርሃንና ሞገድ ጋር እየተስማማ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የውሃው ኬሚካል ነው። የኮራል ገንዳ ውሃ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነቱ በኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ገደማ፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ሊሆን ይገባል። አልካላይኒቲ የሚባለው፣ ኮራሉ አጽም የሚሠራበት የካርቦኔት ክምችት ደግሞ በተለመደው መለኪያ ከ7 እስከ 11 ዲግሪ ውስጥ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ጥቂት ቁራጮች ከዚህ የሚወስዱት ትንሽ በመሆኑ ከውሃው 10 በመቶውን በየሳምንቱ መቀየር ሊበቃቸው ይችላል። አንድ ትልቅ ጠንካራ ኮራል ትንሽ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ግን ፍጆታው በቀን ይለካል። ባለቤቱ በየጊዜው እየለካ በኖራ ውሃ ወይም በተዘጋጀ ፈሳሽ ካልተካ አልካላይኒቲው ወርዶ ነባሮቹም ይጎዳሉ።

ሦስተኛው የኪሳራው መጠን ነው። አንድ ቁራጭ ቢሞት የሚጠፋው ያው ቁራጭ ነው። ትልቅ ኮራል ሲሞት ግን የሚበሰብሰው ሥጋ አሞኒያ እየለቀቀ ውሃውን ይመርዛል፤ ዓሦችንና ሌሎቹን ኮራሎች ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ትንሽ ሲበዛ

ከዚህ ተነሥቶ ትንሽ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን ስሕተት ነው። በተፈጥሮ ሪፎች፣ ማለትም ኮራሎች በገነቧቸው የባሕር ድንጋዮች ላይ ተደጋግሞ እንደታየው ከተሰባበሩ ቁራጮች መካከል በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የበዛው ተለቅ ያሉት ናቸው። የጥፍር ያህል የሆነ ቁራጭ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ሥጋ የለውም። አልጌ በአንድ ሳምንት ሊሸፍነው፣ ቀንድ አውጣ ገፍቶ ሊጥለው፣ ዓሣ ጥቂት ጊዜ ነክሶ ሊጨርሰው ይችላል። ቁስሉ ሳይድን፣ ትናንት ተቆርጦ ዛሬ የሚሸጥ ቁራጭም ሁለት ፈተና በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፤ መቆረጡና ቤት መለወጡ።

ጥቃቅን ቁራጭ በባለሙያ እጅ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በፍሎሪዳ የሚገኘው የሞውት የባሕር ላቦራቶሪ ተመራማሪ የነበሩት ዴቪድ ቮን ኮራል ሲያነሡ በስሕተት ተሰብረው ገንዳው ላይ የቀሩ ጥቂት ፖሊፖች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባልተጠበቀ ፍጥነት አድገው አገኟቸው። ከዚያም በዝግታ የሚያድጉ ክብ ኮራሎችን አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እያደረጉ መቁረጥና ጎን ለጎን መትከል የተበላሹ ሪፎችን መልሶ ማልሚያ ዘዴ ሆነ። ከአንድ እናት የተቆረጡት ቁራጮች ሲገናኙ እንደ አንድ ኮራል ይዋሐዳሉ። ይህ የሚሳካው ግን ቁራጮቹ በየዕለቱ ሲጠበቁና ሲጸዱ ነው። በቤት ውስጥ አስተማማኙ መጠን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ የቁስሉ ጠርዝ ድኖ፣ ሥጋው በመቀመጫው ላይ መንጠፍ የጀመረው ቁራጭ ነው። ቅርንጫፋም ኮራል ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሠረቱን በአግድም ስለሚያነጥፍ፣ መቀመጫውን የያዘ ቁራጭ ሥር እንደያዘ ችግኝ ይቆጠራል።

ዋጋና ጊዜ

ቁራጭ ከኮሎኒ ይረክሳል የሚለው በተለመዱ ዝርያዎች ላይ እውነት ነው። በቀለሙ ብርቅ የሆነ ዝርያ ሲሆን ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመቶ በሚቆጠር ዶላር ትሸጣለች። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለመጠኑ ሳይሆን ለዘሩ ነው።

በቁራጭ የሚጀምር ሰው በገንዘብ ያተረፈውን በጊዜ ይከፍላል። በባሕር ውስጥ ቅርንጫፋም ኮራሎች በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብ የሆኑት ደግሞ ከ0.3 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ። በዚህ ስሌት ቅርንጫፋም የሆነው የአክሮፖራ ቁራጭ በጥሩ ገንዳ ውስጥ በሁለትና በሦስት ዓመት ዛፍ መሰል ቅርጽ ይይዛል፤ ክብ የሆነው ግን ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። እንደ ዜኒያ ያሉ ለስላሳ ዝርያዎች በተቃራኒው በወራት ውስጥ ገንዳውን ሊወሩት ስለሚችሉ ትልቅ ገዝቶ ማስገባት ትርፉ ድካም ነው።

የቦታ ነገርም ከጊዜ ጋር ይያያዛል። ኮራሎች ለቦታ ይዋጋሉ። እንደ ዩፊሊያና ጋላክሲያ ያሉት ማታ ማታ ረጃጅም ተናዳፊ እጆች እየዘረጉ ጎረቤታቸውን ያቃጥላሉ። ስለዚህ ቁራጭ ሲተከል የሚለካው ዛሬ የያዘው ቦታ ሳይሆን ነገ የሚይዘው ነው፤ ከተዋጊዎቹ ዙሪያ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መተው ይገባል። ከኮሎኒ ጋር ሲነጻጸር ቁራጭ ባለቤቱን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዳው ባዶ ስለሚመስል በላይ በላዩ ይጨመርበታል።

ተባይና መርዝ

ከኮራል ጋር የማይፈለጉ እንግዶች ይገባሉ። አክሮፖራን የሚበላ ጠፍጣፋ ትል፣ በየቦታው የሚራባው አይፕታሲያ የተባለ የባሕር አኔሞኒና ሞንቲፖራ የተባለውን ኮራል የሚጨርስ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ከታወቁት ናቸው። ቁራጭን አገላብጦ መመርመር፣ ለዚሁ በተሠራ መድኃኒት መዘፍዘፍ፣ መቀመጫውንም ሰብሮ ጥሎ በአዲስ ላይ ማጣበቅ ይቻላል። ያደገ ኮራል ግን ውስጡ አይታይም፤ ከሥሩም ብዙ ጊዜ የድንጋይ ቁራጭ ይዞ ይመጣል። መዘፍዘፊያው ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ አዲስ ገቢ ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት በተለየ ገንዳ ተይዞ በየሳምንቱ ቢዘፈዘፍ ይመረጣል።

ሌላው አደጋ ለሰው ነው። ዞአንቱስና ፓሊቶዋ የተባሉ፣ በድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፉ ኮራል መሰል እንስሳት አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። በእነርሱ የተሸፈነ ትልቅ ድንጋይ ገዝተው ለማጽዳት የፋቁ ወይም በፈላ ውሃ የቀቀሉ ሰዎች እንፋሎቱን ተንፍሰው ሆስፒታል ገብተዋል። ከትልቅ ድንጋይ ይልቅ ትንሽ ቁራጭ መያዝ የሚቀለው በዚህም ነው። ቁራጭም ሲቆረጥ ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው፤ ድንጋዩም ፈጽሞ መቀቀል የለበትም።

ያደገው የሚመረጥበት ጊዜ

ለመቆረጥ የማይመቹ ዝርያዎች አሉ። ሲናሪናና ስኮሊሚያ በአብዛኛው አንድ ትልቅ ፖሊፕ ብቻ በመሆናቸው ሙሉውን መግዛት ይሻላል። ዩፊሊያ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ራስ ራስ እየሆነ ስለሚያድግ ሁለት ወይም ሦስት ራስ ያለውን መምረጥ አማካይ መንገድ ነው፤ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል።

ዕድሜ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ሥራም አለ፤ እርሱም መራባት ነው። ኮራል እንቁላልና ዘር የሚለቀው በቂ መጠን ላይ ሲደርስ ነው። በለንደን የሆርኒማን ሙዚየም ጄሚ ክራግስና ባልደረቦቹ የባሕሩን ሙቀት፣ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃዋን ብርሃን በመሣሪያ እየተከተሉ የአክሮፖራ ዝርያዎች በተዘጋ አኳሪየም ውስጥ በታቀደ ጊዜ እንቁላልና ዘር እንዲለቁ ማድረጋቸውን እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት አስታውቀዋል። ለዚህ ያገለገሉት ለመራባት የደረሱ ኮሎኒዎች ናቸው። ለተራው ቤት ግን ይህ እምብዛም ዓላማ አይሆንም።

ከመግዛት እስከ መትከል

ገዢው ሥጋው አጽሙን በሙሉ የሸፈነ፣ ፖሊፑ የተዘረጋ፣ ከመሠረቱ ነጭ ጠርዝ የማይታይበት ኮራል ይምረጥ። ሻጩ ኮራሉ ከየት እንደመጣና በገንዳው ስንት ወር እንደቆየ ካልተናገረ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። ቤት ሲደርስ ኮራሉ ያለበት ከረጢት በተለየው ገንዳ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ይስተካከል፤ ከዚያ ኮራሉ ይዘፍዘፍና በዚያው ይቆይ፤ ወደ ዋናው ገንዳ ሲዛወር ከግርጌው ይቀመጥ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ብርሃኑ ከፍ ይደረጋል። በመጀመሪያው ቀን ከመብራቱ ሥር የተሰቀለ ኮራል በሥጋው ያለውን አልጌ አውጥቶ ሊነጣ ይችላል።

አዲስ ገንዳ ቆሻሻን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪመሠረቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ውሃው የሚረጋው ግን ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ችግር የሚችሉ ለስላሳ ኮራሎች ቁራጭ፣ ዓመት ሲሞላና የውሃው ልኬት ሳይዋዥቅ ሲቆይ የጠንካራ ኮራሎች ቁራጭ ይግባ። ያደገ ኮሎኒ መግባት ያለበት ባለቤቱ በየሳምንቱ እየለካ መተካት በለመደበት፣ ቦታም በተረፈበት ገንዳ ውስጥ ነው፤ ያም ቢሆን ከባሕር ከተነቀለው ይልቅ በእርባታ ያደገው ይመረጣል። በገንዳው ያደገ ቁራጭ ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ኮሎኒ ሆኖ ለሌላ ሰው ገንዳ የሚቆረጥ ቁራጭ ይሰጣል።